የቤቶቹ ሰዎች

ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያወቅሁት ዲላ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ ጌም ቤት ነው። አብዛኛው ልጅ የሚመጣው ለፊፋና ለፔስ ነበር። ጥግ ላይ በተደረደሩት ኮምፒውተሮች ላይ ግን «ኮል ኦፍ ዲውቲ 2» ተጭኖ ስለነበር እኔና ጥቂት ጓደኞቼ የኳሱን ጩኸት ከኋላችን ትተን እዚያ እንሰየማለን። ጌሙ ለገበያ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ነበር። ሂሳቡ በሰዓት ነው። ገንዘብ ያለቀበት ከወንበሩ ይነሣና ከተጫዋቹ ጀርባ ቆሞ መንገድ ይመራል፦ «ግራህን! ግራህን እይ፤ መስኮቱ ላይ አለ!» መብራት ሲጠፋ ስታሊንግራድም አብራ ትጠፋለች፤ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በረንዳው ላይ ቆመን ውጊያውን በአፍ እንቀጥላለን።

ይህን የምጽፈው ጌምን ለመኮነን አይደለም። እወደው ነበር፤ ዛሬም ጊዜ ሳገኝ እጫወታለሁ። የዚህ ዓይነቱ ጌም ኃይሉ ከተኳሹ ዓይን የሚታይ መሆኑ ላይ ነው። ከገዛ አካልህ የሚታይህ ጠመንጃ የያዘው እጅህ ብቻ ነው፤ የቀረው ዓለም በሙሉ ከኢላማው ወዲያ ነው። ስትመታ ስክሪኑ ዙሪያውን ይቀላል፣ ትንፋሽህ ይጎላል። ያን ጊዜ ከግድግዳ ኋላ ተጠግተህ ጥቂት ብትታገሥ ቅላቱ ይጠፋል፤ እንደገና ጤነኛ ነህ፤ ትነሣና ትሮጣለህ። ቀደም ባሉት ጌሞች የቆሰለ ሰው የሕክምና ሣጥን ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። እዚህ ግን ዝም ብሎ መቆየት ብቻ ይበቃል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር፤ ማንም ለረጅም ጊዜ ቁስለኛ ሆኖ አይቆይም።

ብዙም ተምሬበታለሁ። ኤል አላሜይን ግብፅ ውስጥ መሆኑን፣ አሜሪካኖቹ ፖይንት ዱ ሆክ የሚባለውን ገደል በገመድ መውጣታቸውን፣ የራይን ወንዝ የት እንደሚፈስ ያወቅሁት ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጠመንጃዎቹን በድምፃቸው ብቻ እለይ ነበር፤ የአሜሪካኑ ጋራንድ ጥይቱ ሲያልቅ ባዶውን ማቀፊያ ጥርት ባለ የብረት ድምፅ ሲያስፈነጥር፣ ስክሪኑን ሳላይ «ጨረሰ» እል ነበር። የታሪክ አስተማሪያችን ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ ቀድሞ የሚነሣው እጅ የእኔ ነበር።

ከጌሙ ምዕራፎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ቱጃንን ነበር። ቱጃን በደቡብ ቱኒዚያ፣ በማትማታ ኮረብታዎች ላይ ያለች እውነተኛ የድንጋይ መንደር ናት። በጌሙ ውስጥ እንግሊዛዊ ወታደር ሆነህ ከቤት ወደ ቤት፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየተሻገርክ ከጀርመኖች ጋር ትዋጋለህ። መንገዶቿን እንደ ዲላ መንደሮች ነበር የማውቃቸው። በየትኛው ደረጃ ወጥቼ የትኛው ጣሪያ ላይ እንደምተኛ፣ የትኛው በር ወደ የትኛው ጓሮ እንደሚያሻግር ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ። በሮቹ ክፍት ነበሩ፤ ገብቼ እወጣለሁ። የመንደሩ ሰው ግን አንድም የለም። እናት የለችም፣ ሽማግሌ የለም፣ የሚያለቅስ ሕፃን የለም፣ የተረሳች ፍየል እንኳ የለችም። በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤቶቹ ሰዎች የት ሄዱ የሚል ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ወደ አእምሮዬ አልመጣም። መምጣት እንዳለበትም የነገረኝ የለም። ቤቶቹ ለውጊያው የተሠሩ ይመስሉኝ ነበር።

ጥያቄው የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ከዚያም በባሰ ሁኔታ በሰኔ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በሁለቱም በኩል ሰው ሞቷል፤ በሁለቱም በኩል ቤት ተቃጥሏል። ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ገደብ ሰው መያዣ አጡ። ትምህርት ቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች፣ ግንባታቸው ያላለቀ ሕንፃዎች ሁሉ ሰው የሚያድርባቸው ሆኑ። ዝናቡ አያባራም። እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ የምፈልግ ወጣት ነበርኩና ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተፈናቃዮችን እመዘግብ ነበር። የተሰጠን ቅጽ አጭር ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመጡበት ቀበሌ።

አንዲት ሴት ስሟን ከነገረችኝ በኋላ አልነሣም አለች። ሌላ የምትነግረኝ ነገር ነበራት። ቆጮዋን በጉድጓድ ቀብራ ነበር የመጣችው፤ አንዱ ጉድጓድ የበሰለ ነው፣ ሌላው ገና አዲስ ነው። አዲሱ በጊዜው ተከፍቶ ካልታየ፣ ቅጠሉ ካልተቀየረ እንደሚበላሽ በዝርዝር አስረዳችኝ። የበሰለው ግን ብዙ ይቆያል፤ የሚያውቅ ሰው ካላገኘው በስተቀር እንዳለ ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ እንድጽፍላት ፈለገች። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ቢሆንም ጠርዙ ላይ ጻፍኩላት፤ እሷም እስክጨርስ ድረስ እጄን እያየች ጠበቀች። ከእሷ በኋላ የተቀመጡትም እንደዚያው ነበሩ። አንዱ ያልተለቀመ ቡና፣ አንዱ የታሰረች ላም፣ አንዱ ለልጁ ጎጆ መውጫ ያዘጋጀውን እንጨት ነገረኝ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ቤታቸው ነበር። ማን እንደተኮሰ፣ በምን እንደተኮሰ፣ ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር ያወራልኝ ሰው አልነበረም። እኔ ስለ ጦርነት አውቃለሁ ብዬ የማስበው ግን በሙሉ ይኼው ነበር።

ያን ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ቱጃን ትዝ አለችኝ። እነዚያ በሮች ክፍት የሆኑት ለእኔ መተላለፊያ እንዲሆኑ ይመስለኝ ነበር። የሰው በር ክፍት ሆኖ የሚቀረው ግን ባለቤቱ ለመዝጋት ጊዜ ስላጣ ነው። የቱጃን እናቶች፣ ሽማግሎች፣ ሕፃናት ጌሙ ከሚያበቃበት ኮረብታ ወዲያ፣ ስክሪኑ በማይደርስበት ቦታ፣ በአንድ የማላውቀው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በእነሱ ሳሎን ውስጥ ስንት ጊዜ ቦምብ ወርውሬያለሁ። ይህን ሳስብ ያፈርኩት በጌሙ አይደለም። ዓይኔ ይህን ያህል መሠልጠኑ፣ ሥልጠናው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። የመስኮት ጥግ ላይ የሚንቀሳቀስ የራስ ቁር በቅጽበት አያለሁ፤ የመስኮቱን ባለቤት ግን አላይም።

አያቴ በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ነበረች። ስለ ቆጮዋ ሴት ስነግራት አልገረማትም። በጣሊያን ጊዜም እንዲሁ ነበር አለችኝ። እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቧ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ ርቆ ወደ ደጋው ወጣ፣ እንሰት ውስጥ ሰነበተ፤ የበሉትም ከጉድጓድ እየወጣ ነው። ወታደር ከብት ያያል፣ ጎተራ ያያል፤ መሬት ውስጥ ያለውን ግን አያይም። የማን ሠራዊት እንደነበር ስጠይቃት የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፤ ጣሊያኑ ወጣ፣ እንግሊዙ ገባ፣ ጥቁር ወታደርም ብዙ ነበር።

እንሰትን በየቀኑ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን ከቡናና ከሀገር በቀል ዛፎች ጋር አሰባጥሮ ተራራውን እንዴት እንደጠበቀው ለእንግዳ ሁሉ እናወራለን፤ ይህ መልክዓ ምድርም በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ይህ ተክል ጦርነትን ያሻገረ ምሽግ እንደነበር ያወቅሁት ከአያቴ ነው። እህል በአውድማ ላይ ይቃጠላል፣ በጎተራ ይዘረፋል። ቆጮ ግን መሬት ውስጥ ሆኖ ባለቤቱን ይጠብቃል። ይህን የሚነግር የጦር ሜዳ ካርታ አላጋጠመኝም።

«ጥቁር ወታደር ብዙ ነበር» ያለችው ነገር አላስተኛ ስላለኝ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ዛሬም በቁጭት ነው የምናገረው። የኖርማንዲን የባሕር ዳርቻ በየጉድባው አውቀዋለሁ፤ ከቤቴ በስተደቡብ ምሥራቅ ስላለችው ዋደራ ግን አንድም ነገር አላውቅም ነበር።

ጣሊያን ሀገራችንን የወረረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጀርመን ፖላንድን ከመውረሯ አራት ዓመት ገደማ ቀድሞ። በደቡብ ግንባር የተሰለፉት ራስ ደስታ ዳምጠው በገናሌ በኩል በአውሮፕላንና በመድፍ ከተሸነፉ በኋላም ሲዳሞን አልለቀቁም። ከዲላ ብዙ የማትርቀው ይርጋለም በጣሊያን እጅ የገባችው ኅዳር 22 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ራስ ደስታ እየተዋጉ ወደ ሰሜን አፈገፈጉና ተይዘው የካቲት 17 ቀን ተገደሉ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በሌላ አቅጣጫ ተመለሰ። ከኬንያ የተነሣው፣ በእንግሊዝ ዕዝ ሥር ያለ ጦር የካቲት 11 ቀን ሜጋን ያዘ። ከነገሌ በኩል የመጣው ደግሞ ዋደራ ላይ ጣሊያኖች በገነቡት ምሽግ ተገቶ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ለሳምንታት ተዋጋ። ምሽጉ የተሰበረው ግንቦት 2 ቀን ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። በየዓመቱ ድሉን የምናከብርበት ቀን ሲውል እዚህ ገና ሰው ይሞት ነበር። ቁሊቶ ላይ የተዋጉት ግንቦት 11፣ ሶዶ የተያዘችው ግንቦት 14 ነው።

ዋደራ ላይ የተዋጋው ብርጌድ የመጣው ከጎልድ ኮስት፣ ማለትም ከዛሬዋ ጋና ነበር። ከአክራና ከኩማሲ ሀገር ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጉጂ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ወጣት አለ ማለት ነው። በኬንያ በስደት የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ከዚሁ ጦር ጋር ተሰልፈው ተመልሰዋል። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የጣሊያን የቅኝ ግዛት ክፍለ ጦሮች አሉ፤ መኮንኖቻቸው ጣሊያኖች፣ ተራ ወታደሮቻቸው በብዛት ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ ራሷ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ። የለመድኩት ጌም ጠላትን ከሩቅ አሳውቆኛል፦ ግራጫ ልብስ፣ የታወቀ የራስ ቁር፣ የጀርመንኛ ጩኸት። በዋደራ ጫካ ውስጥ በሁለቱም ወገን ጥቁር ፊት ነበር። አያቴ ሠራዊቶቹን ለይታ አለመንገሯ ስለዚህ አይደንቀኝም፤ እንሰት ውስጥ ተኝታ ላየቻቸው ልጅ ልዩነታቸው ምን ነበር?

ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ የቁሊቶው ታሪክ ነው። ቁሊቶ ዛሬ የሃላባ ከተማ ናት፤ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ሲኬድ መንገድ ላይ ትገኛለች። በውጊያው ቀን የጣሊያን ታንኮች ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለውን የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሊደመስሱ ሲቃረቡ፣ ናይጀል ሊኪ የሚባል ከኬንያ የመጣ ነጭ ሳጅን አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ። የላይኛውን ክዳን ከፍቶ ውስጥ ያሉትን በሽጉጥ ገደለ፤ ሾፌሩን ብቻ አስቀርቶ ታንኩን ወደ ከለላ አስነዳው። ከዚያም ወደሌሎቹ ታንኮች ሄደ፣ ሌላ ታንክ ላይ እንደወጣ ተመትቶ ሞተ። በ1945 እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለው የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሰጠው። ይህን ሳነብ ልቤ እንደ ጌም ቤቱ ዘመን ነው የመታው፤ ጌም ሠሪ ቢያገኘው ሳይለውጥ የሚወስደው ታሪክ ነው። ለሽልማቱ የተጻፈውን ቃል እስከ መጨረሻ ሳየው ግን ሊኪ ወደሌሎቹ ታንኮች የሄደው ብቻውን አልነበረም። አንድ አፍሪካዊ ሻምበል ባሻና ሁለት ሌሎች አፍሪካውያን ወታደሮች አብረውት ነበሩ። የእነሱ ስም አልተጻፈም። በእግራቸው ወደዚያው ታንክ የሄዱ፣ ያንኑ መትረየስ የተጋፈጡ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጌም ስጫወት የማያቸው ነገሮች ተለወጡ። ፍርዴን ለመስጠት አልቸኩልም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ጉድለት ለመሙላት ሲሞክሩ አይቻለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው «ባትልፊልድ 1» ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። መክፈቻው ላይ በሃርለም ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ቦታ ትሰለፋለህ፤ በሞትክ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት ይወጣል፤ ከዚያ ወደሌላው ሰው ትሻገራለህ። መጀመሪያ ሳየው እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው «ባትልፊልድ 5» ደግሞ ለፈረንሳይ የተዋጉትን የሴኔጋል ወታደሮች ታሪክ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። «ዚስ ዎር ኦፍ ማይን» የሚባለውን የፖላንድ ጌም ግን ከሁሉ አስበልጬ አከብረዋለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ የተነሣበትም ከሳራየቮ ከበባ ነው። እዚያ ወታደር አይደለህም። በተከበበች ከተማ ውስጥ፣ ጣሪያው በፈረሰ ቤት ውስጥ ያለህ ሲቪል ነህ፤ ምን እንደምትበላ፣ ለታመመው መድኃኒት ከየት እንደምታመጣ፣ ከጎረቤትህ ሰርቀህ እንደምትኖር ወይም እንደማትኖር የምትወስነው አንተ ነህ። የፖላንድ መንግሥት ይህን ጌም ለተማሪዎች ተጨማሪ ንባብ ሆኖ እንዲቀርብ አድርጓል። ትክክል አድርጓል እላለሁ።

ወላጆች አንዳንዴ ይጠይቁኛል፤ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ እየዋለ ነውና ነፍሰ ገዳይ ይሆን እንደሆነ ይፈራሉ። እኔም ጓደኞቼም ያን ሁሉ ተኩሰን ማንንም አልገደልንም። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ልጁ ስለ ጦርነት የሚያውቀው ይህን ብቻ ከሆነ፣ እውነተኛ ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንዳሸነፈ ነው። ከተማ ተያዘ ሲባል ካርታው ላይ ቀለም ሲቀየር ይታየዋል። ባለፉት ዓመታት በሀገራችን ስንት ከተማ ተያዘ፣ ስንቱ ተለቀቀ ሲባል ሰማን፤ ስንቶቻችን ነን በዚያች ከተማ ውስጥ ቡሖ ተቦክቶ እንደነበረ ያሰብን? የቆሰለውም ከግድግዳ ኋላ ጥቂት ዐርፎ የሚነሣ ይመስለናል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ከተፈናቃዮቹ መካከል ያየኋቸው ቁስለኞች ግን ወራት አልፈውም አልዳኑም፤ አካላቸው የዳነውም እንቅልፋቸው አልተመለሰም።

አንድ ቀን ከዲላ ወጣቶች መካከል ስለ 1933 ዓ.ም. ጌም የሚሠራ እንደሚነሣ ተስፋ አለኝ። ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ሞልቷል። ተኩሱ እንዲቀር አልፈልግም፤ ዋደራ ላይ ተኩስ ነበር። ነገር ግን ተጫዋቹ ወታደር ብቻ አይሁን። ከመንገዱ ወደ ደጋው ሕፃናትን ይዛ የምትወጣ ሴትም ይሁን፤ ጉድጓዱን የት እንደምትቆፍር፣ ማታ ጭስ እንዳይታይ እሳቱን እንዴት እንደምትይዝ፣ ቆስሎ እንሰቷ ውስጥ ለወደቀው የማታውቀው አስካሪ ውኃ እንደምትሰጥ ወይም እንደማትሰጥ ትወስን። የመጨረሻው ምዕራፍ ምሽግ በመያዝ አይለቅ። ጌዴኦና ጉጂ ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ሽማግሎች የሚሸከሙት ከባድ ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ውጊያ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። እሱን የሚያጫውት ጌም ብሠራ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም። የምችለው ያን ጦርነት ያዩትን መጠየቅ ነው። በ1933 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ዘጠናን አልፏል፤ ከእነዚህ ሰዎች የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹም ከከተማ ርቀው ደጋው ላይ ነው ያሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ተማሪዎች ጋር እየሄድን በስልክ እንቀዳቸዋለን። ስለ ጠመንጃ አንጠይቅም። ያን ጊዜ ቤታችሁ የት ነበር፣ ማን ከማን ጋር ወጣ፣ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ፣ ስትመለሱ ምን አገኛችሁ እንላለን። ይህን የምታነቡ የገደብ፣ የቡሌ፣ የወናጎ፣ የኮቸሬ ልጆች፣ ወይም የአዶላና የዋደራ ልጆች፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ፋሲካን አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ጠይቁት፤ ሲነግራችሁም የራሱን ስም፣ የእናቱን ስምና የመንደሩን ስም አስቀድማችሁ ጻፉ።